የሰውነት ዘበኞች የሚማሩበት ዕጢ

ከሰውነታችን ክፍሎች መካከል ልብን የማያውቅ የለም፤ ሳንባንም ጉበትንም ኩላሊትንም ሁሉ ሰው በየስሙ ይጠራቸዋል። ከደረት አጥንት ሥር፣ ከልብ ከፍ ብሎ፣ በታላላቆቹ የደም ሥሮች ፊት ተጋድሞ የሚገኘውን ለስላሳ ዕጢ ግን ስሙን የሰማ ጥቂት ነው። ሐኪሞች ታይመስ ይሉታል። ሕፃን ሲወለድ ይህ ዕጢ ከ10 እስከ 15 ግራም ይመዝናል፤ ልጁ ለአካለ መጠን እስኪደርስም እያደገ ሄዶ ከ30 እስከ 40 ግራም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሌሎቹ አካላት ጸንቶ አይቆይም፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ሥጋው በስብ ይተካል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌን ዕጢው በሕፃንነት ትልቅ፣ በጕልምስና ትንሽ መሆኑን ተመልክቶ ነበር፤ ለምን ሥራ እንደ ተሠራ ግን ከእርሱ በኋላ ከ1,700 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ኖረ።

ክቡራን አንባብያን፤ ስለዚህ ዕጢ ለመጻፍ የተነሣሣነው ስለ ዕውቀቱ ብቻ ብለን አይደለም። በየቤቱ የሚደርስ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እስከ 40 ወይም እስከ 50 ዓመቱ ድረስ ጤነኛ ሆኖ የኖረ ሰው በድንገት መታመም ይጀምራል። አንድ ጊዜ የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ መድኃኒት ወስዶ ይድናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው በሽታ ይመለስበታል። ደግሞ አፍንጫውና ግንባሩ መግል ይቋጥራል፤ ደግሞ ተቅማጥ ይጸናበታል፤ ሥጋውም እየከሳ ይሄዳል። ቤተ ሰቡ «ብርድ መታው፣ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው» እያለ ምክንያት ይሰጣል። ሐኪሙም በመጣ ቍጥር የመጣውን በሽታ ብቻ ያክማል። ከዚህ ሁሉ በስተ ኋላ ግን አልፎ አልፎ አንድ የተሰወረ ነገር ይኖራል፤ እርሱም በታይመስ ዕጢ ላይ የበቀለ እብጠትና ከእርሱ ጋር የተዳከመ የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በቋንቋችን «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ በተፈጥሮ ያለውንም አካል፣ በበሽታ የሚበቅለውንም ሥጋ ዕጢ እንላለን። ከዚህም የተነሣ ሐኪም «ዕጢ» ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጣል። በዚህ ጽሑፍ በተፈጥሮ ያለውን ብቻ ዕጢ ስንል፣ በላዩ የሚበቅለውን እብጠት እንለዋለን። ዓመታቱንም ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ዕጢ

ሰው የማያውቀውን ነገር ይፈራዋል፤ የፈራውንም ይከሰዋል። በታይመስ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ሕፃናት ሌሊት በአልጋቸው ላይ ሳይታሰብ ሞተው ሲገኙ ሐኪሞች አስከሬናቸውን መርምረው ታይመሳቸው ትልቅ መሆኑን አዩ። «ይህ ዕጢ ከመጠን በላይ አድጎ የሕፃኑን ጕሮሮ አፍኖ ገደለው» ብለውም ፈረዱ። ፍርዱ ስሕተት ነበር። ሐኪሞቹ ልክ ነው ብለው የያዙት የዕጢ መጠን ለረጅም ጊዜ ታመው ወይም ተርበው ከሞቱ ድኾች አስከሬን የተገኘ ነበር። ታይመስ ደግሞ በሕመምና በችግር ጊዜ ፈጥኖ የሚሟሽሽ ዕጢ ነው። እንግዲህ ትንሹ የበሽተኛው ነበረ፤ ትልቁ የጤነኛው ሕፃን ነበረ።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ከ1907 ጀምሮ በአሜሪካ ዕጢውን ለማሳነስ በሕፃናት ደረት ላይ የራጅ ጨረር መልቀቅ ተጀመረ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ጤነኞች ሕፃናትም ይህን ሕክምና ተቀበሉ። ታይመስ ለአንገት ቅርብ በመሆኑ ጨረሩ በአንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ነካ። በ1950 በኒው ዮርክ የታይሮይድ ነቀርሳ ያገኛቸው 28 ልጆች ታሪካቸው ሲመረመር ሲሶ ያህሉ በሕፃንነታቸው በታይመሳቸው ላይ ጨረር የተለቀቀባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሕክምናው እየቀረ ሄደ። የአንድ አካል ጥቅሙ አልታወቀም ማለት ጥቅም የለውም ማለት እንዳልሆነ ዓለም የተማረው በእነዚህ ልጆች ላይ በደረሰው ጕዳት ነው።

ምስጢሩ እንዴት ተገለጠ

በ1952 አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ኦግደን ብሩተን ደጋግሞ በከባድ ኢንፌክሽን ስለሚታመም የ8 ዓመት ልጅ ጻፈ። የልጁ ደም ሲመረመር ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው የደም ክፍል ፈጽሞ የለውም ነበር። ጋማ ግሎቡሊን ማለት ሰውነት ቀድሞ ያያቸውን ተሐዋስያን እያወቀ የሚይዝባቸው ወጥመዶች፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ የሚገኙበት ነው። ብሩተን ከሌሎች ሰዎች ደም የተለየውን ጋማ ግሎቡሊን በየወሩ ቢወጋው ልጁ ከሕመሙ አረፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ጉድ የሚባል ሐኪም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ገጠመው፤ ሆኖም በሽተኛው ሕፃን ሳይሆን ጐልማሳ ነበረ። ይህ ሰው ኢንፌክሽን ይመላለስበታል፤ ጋማ ግሎቡሊኑ እጅግ ዝቅ ብሏል፤ በደረቱም ውስጥ በታይመሱ ላይ ትልቅ እብጠት ይታያል። ጉድ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ እንዲያው በአጋጣሚ የተገናኙ አይደሉም ብሎ አሰበ። በሽታው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም «የጉድ ሲንድሮም» ተብሎ ይጠራል። በእኛ ቋንቋ «ጉድ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጕም ስላለው አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ይህ የሰውየው ስም መሆኑን እናስታውሳለን።

ጉድና ጓደኞቹ ሐሳባቸውን ለመፈተን ከጥንቸሎች ታይመስን እያወጡ ተመለከቱ። ነገር ግን ጥንቸሎቹ ካደጉ በኋላ ስለ ነበረ ምንም ለውጥ አላዩም። ጥያቄያቸው ትክክል ነበረ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። መልሱን ያገኘው በ1961 በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ዣክ ሚለር ነው። ሚለር ገና በተወለዱ አይጦች ላይ ይህንኑ ሥራ ቢሠራ፣ አይጦቹ ነጭ የደም ሕዋሳቸው አነሰ፤ በተሐዋስያን ተሸነፉ፤ ከሌላ አይጥ የመጣ ቆዳ ቢለጠፍባቸውም ሰውነታቸው «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ አልጣለውም። በዚህም ታይመስ በልጅነት የሰውነትን መከላከያ የሚያቋቁም አካል መሆኑ ታወቀ።

በ1965 ደግሞ በዚያው በጉድ ቤተ ሙከራ ማክስ ኩፐር በጫጩቶች ላይ መርምሮ መከላከያው ሁለት ክንፍ እንዳለው አሳየ። አንደኛው ክንፍ ከታይመስ የሚወጣ ሲሆን ሕዋሳቱ ቲ ሕዋስ ይባላሉ። ሁለተኛው በዶሮ ጅራት ሥር ከሚገኝ ከረጢት የሚመጣና አንቲቦዲን የሚያስገኝ ሲሆን ሕዋሳቱ ቢ ሕዋስ ተባሉ። ሰው ያ ከረጢት የለውም፤ የሰው ቢ ሕዋስ የሚፈጠረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ሚለርና ኩፐር ስለዚህ ሥራቸው በ2019 የላስከር ሽልማት ተቀብለዋል።

ዘበኞቹ የሚማሩት ትምህርት

የታይመስን ሥራ ለመረዳት የአብነት ትምህርት ቤትን ማሰብ ይበቃል። ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ብዙ ይደክማል፤ በየኔታ ፊት ቀርቦ ካላስመሰከረም መምህር ተብሎ አይወጣም። ቲ ሕዋሳትም እንደዚሁ ጨቅላ ሆነው ከአጥንት መቅኔ ወደ ታይመስ ይመጣሉ፤ በዚያም ሁለት ፈተና ይጠብቃቸዋል።

የመጀመሪያው ፈተና የገዛ ሰውነታቸውን ምልክት መለየት መቻላቸው ነው፤ ይህን የማይለይ ዘበኛ የጌታውን ቤት ከሌላው ቤት አያውቅምና አይጠቅምም። ሁለተኛው ፈተና ያንኑ የገዛ ሰውነታቸውን እንዳይወጉ ነው፤ የጌታውን ልጅ የሚነክስ ውሻ ለቤት አይሆንምና። ፈተናው እጅግ የጠነከረ ከመሆኑ የተነሣ ከ100 ገቢዎች መካከል አስመስክረው የሚወጡት 5 እንኳ አይሞሉም፤ የቀሩት እዚያው ይሞታሉ። ያለፉት በደም ውስጥ እየዞሩ ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። ዕጢው በጕልምስና ቢሟሽሽም ሰው ወዲያው የማይታመመው ዘበኞቹ አስቀድመው ስለ ተመረቁ ነው።

ሆኖም የሟሸሸው ዕጢ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። በ2023 በቦስተን የታተመ ጥናት፣ በልብ ወይም በደረት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ታይመሳቸው የወጣላቸውን ዐዋቂዎች ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ታይመሳቸው ካልተነካባቸው ጋር አነጻጽሯል። በ5 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ከ100 ሰዎች 8 ያህሉ ሲሞቱ ከሁለተኛዎቹ የሞቱት 3 ያህል ነበሩ፤ ነቀርሳም በመጀመሪያዎቹ ላይ እጥፍ ሆኖ ታይቷል። ስለዚህ ጤነኛውን ዕጢ ያለ በቂ ምክንያት ማውጣት እንደማይገባ ዛሬ ሐኪሞች እየተገነዘቡት ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲታመም

በታይመስ ላይ የሚበቅለው እብጠት ቲሞማ ይባላል። በሽታው ብርቅ ነው፤ በአሜሪካ በዓመት ከ1,000,000 ሰው የሚያገኘው 1 ወይም 2 ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ40 ዓመት በኋላ ሲሆን ወንድና ሴት አይለይም። አብዛኛው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖርና ለሌላ ነገር ደረቱን ራጅ ሲነሣ ይገኝበታል። ሌላው ደረቱን ይጫነዋል፣ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ፊቱና አንገቱ የሚያብጥም አለ።

ከእብጠቱ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የሚያስከትለው ሁከት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲታመም ያላስመሰከሩ ተማሪዎች እንደ ተመረቁ ሆነው ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የገዛ ሰውነትን ይወጋሉ። ከሦስት ባለ እብጠቶች አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድካም ይይዘዋል። የዐይኑ ቆብ ይወርዳል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ማኘክና መናገር ይከብደዋል፤ ጧት ደኅና የነበረው ሰው ማታ ይዝላል። ይህን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ ትልቅ በደል ነው። በ1936 በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ አልፍሬድ ብላሎክ የሚባል ቀዶ ሐኪም እንዲህ ከታመመች አንዲት ወጣት በታይመሷ የነበረውን እብጠት ቢያወጣ ሴቲቱ እየበረታች ሄደች። በሌሎች ዘንድ ደግሞ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ መሥራቱን ያቆምና ከባድ የደም ማነስ ይመጣል።

ጉድ ያየው በሽታ የሚደርሰው ከባለ እብጠቶቹ መካከል ከ100 ከ6 እስከ 11 በሚሆኑት ላይ ነው። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ቢ ሕዋስ እጅግ ያንሳል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጠፋል፤ አንቲቦዲም እንዲሁ። ቲ ሕዋሳትም ሥራቸው ይታወካል። ስለዚህ ሁለቱም ክንፎች ይሰበራሉ ማለት ነው። አንቲቦዲ ሲጠፋ የሳንባ ምችና የአፍንጫ ጓዳዎች መግል ይመላለሳል፤ የቲ ሕዋስ ሥራ ሲታወክ ደግሞ በአፍ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፤ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው የሚሸከመው ቫይረስም ዐይንን ወይም አንጀትን ያጠቃል። በሽተኛውን ለሞት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ እብጠቱ ሳይሆን ይህ የኢንፌክሽን መመላለስ ነው።

ሕክምናውና ወሰኑ

የእብጠቱ ዋነኛ ሕክምና በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። እብጠቱ በሽፋኑ ውስጥ ተወስኖ ሳለ ፈጽሞ ከወጣ ተስፋው መልካም ነው፤ ወደ ሳንባ ሽፋን ወይም ወደ ደም ሥር ከተስፋፋ ጨረርና የነቀርሳ መድኃኒት ይጨመርበታል። ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው።

እዚህ ላይ ቤተ ሰብ በብርቱ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጡንቻው ድካም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የጠፋው አንቲቦዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ይህን ያላወቀ ቤተ ሰብ «እብጠቱ ወጥቷል፤ እንግዲህ ድኗል» ብሎ ክትትሉን ይተዋል፤ በሽተኛውም በቀጣዩ ክረምት በሳንባ ምች ይወድቃል። ከዚህም በላይ በአንዳንዶች ዘንድ የመከላከያው ድካም የሚገለጠው እብጠቱ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ታይመሱ ያበጠበት ሰው ሁሉ የደሙ አንቲቦዲ በመጀመሪያም፣ ኋላም ደጋግሞ ሊለካለት ይገባል።

አንቲቦዲው ለጠፋበት ሰው ያለው መፍትሔ ብሩተን በ1952 ለዚያ ልጅ ያደረገው ነው። ዛሬ ኢሚውኖግሎቡሊን ተብሎ በደም ሥር በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል፤ በቆዳ ሥር የሚወጋም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በድኻ አገሮችም በቀላሉ አይገኝም። ምክንያቱም በፋብሪካ ከቅመም የሚቀመም ሳይሆን በሺህ ከሚቈጠሩ ሰዎች የደም ውኃ ተሰብስቦ የሚጣራ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ ያሸነፈውን በሽታ አንቲቦዲ በደሙ ይሸከማል፤ ያ ሁሉ ተደባልቆ ለአንዱ ደካማ ይደርሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ቃል ከዚህ የበለጠ የሚስማማበት ስፍራ አናገኝም። ስሙን የማያውቀው ሰው ከሰጠው ደም የተነሣ አንድ አባት ከልጆቹ ጋር ተጨማሪ ዓመታት ይኖራል።

ቤተ ሰብ ምን ያድርግ

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ያሳለው ሰው ሁሉ ታይመሴ አብጧል ብሎ እንዳይሠጋ እንለምናለን። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ሳል ሲኖር አስቀድሞ የሚመረመረው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ሥርዓት ነው። ኢንፌክሽን ለሚመላለስበትም ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ይቀድማል። ምክራችን ከዚያ በኋላ ላለው ነው። ምርመራዎቹ ሁሉ ነጻ መሆኑን አሳይተው ሳለ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች የያዘው፣ የአፍንጫ መግል የማይለቀው፣ ተቅማጥ የጸናበት ወይም አፉ ነጭ የሚያወጣ ዐዋቂ ሰው ካለ፣ ቤተ ሰቡ በዝምታ አይቀመጥ። ያለ ምርመራ ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ ከመግዛት ይልቅ «የመከላከያ ኃይሉ ይመርመርልን» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንቲቦዲን የሚለካ የደም ምርመራ ነው፤ ስለ ደረቱም ራጅ፣ ካስፈለገም ይልቁን አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

ሁለተኛ፣ በሽተኛው ስንት ጊዜ፣ መቼና በምን እንደ ታመመ፣ ምን መድኃኒትም እንደ ወሰደ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ የድሮ ራጁም አይጣል። በሽታው የሚታወቀው ከአንዱ ሕመም ሳይሆን ከሕመሞቹ ሰልፍ ነው፤ ያን ሰልፍ ደግሞ ከቤተ ሰብ በቀር ሙሉውን የሚያይ የለም። በየጊዜው የሚለዋወጠው ሐኪም የሚያየው አንዱን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ መከላከያው መድከሙ የታወቀ ሰው ክትባት ከመከተቡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። እንደ ቢጫ ወባ ያለው ክትባት ሕያው ነገር ግን የደከመ ቫይረስ ያለበት በመሆኑ ለእርሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በቤቱም ለሚገኝ ሕፃን በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ከሕፃኑ ወደ እርሱ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ሕፃኑን ሳያስከትቡ ከመተው ይልቅ ይህን አስቀድሞ ለጤና ባለሙያው መንገር ይገባል። ትኵሳት በተነሣበትም ጊዜ ነገ ይሻለዋል ብሎ አያድር፤ ለሌላው ቀላል የሆነው ለእርሱ ቀላል አይደለምና።

በመጨረሻም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ቃል እናስታውሳለን። ደጋግሞ መታመም ነውር አይደለም፤ የበሽተኛው ስንፍና ወይም ጥንቃቄ ማጣትም አይደለም። ከአንድ ጐልማሳ ደረት ውስጥ የታየው እብጠት ሳይናቅ ስለ ተመረመረ ሳይንስ ወደ ታላቅ ዕውቀት የሚወስደውን በር አገኘ። በየቤታችንም ያለው የሕመም መመላለስ ሳይናቅ ቢመረመር ብዙ ሰው በጊዜው ከሐኪም ይደርሳል። ለአንባብያን ሁሉ ጤናን እንመኛለን።